ማንሳት

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሞርን ኮረብታ ላይ፣
ፌሊሲየን ቆሟል፣ ከሰው ቀድሞ ሊያይ።
አንገቱ ላይ ካሜራ፣ ማሰሪያው ያለቀ፣
በዓሣ መረብ ክር ተጠግኖ የጠበቀ፤
ኪሱ ውስጥ ደብተር፣ ወዝ የጠገበ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመርከብ ስም የሰበሰበ።

እኔ ደግሞ ከታች፣ ካስትሪስ ወደብ በር፣
ተራዬን እጠብቃለሁ ከሃያ ሾፌር ጋር።
ሚኒባሴን በጨርቅ እየወለወልኩ፣
"ዛሬስ ስንት ራስ ነው?" እላለሁ እየደወልኩ።
እሱ መች ራስ ይቆጥራል!
የጭስ ማውጫዋን ቀለም ይተነትናል፦
"አምና ሰማያዊ ነበር፤
ቀብተዋት ነው እንጂ ያችው ናት፤ እንወራረድ፣ በአምስት ዶላር!"
(አምስቱን ዶላር ሁሌም ከፋዩ እኔ ነኝ።)

ከዚያ ትመጣለች።
መጀመሪያ መብራት፣ የድግስ ቤት ይመስል፣
ቀጥሎ ነጭ ግድግዳ፣ ሰማዩን ሲከፍል፣
ቀጥሎ መስኮት፣ መስኮት፣ መስኮት ላይ መስኮት፣
የኛ ሰፈር ተጠራርቶ የማይሞላው ቤት።
ጥላዋ ሲያርፍ ገበያው መንገድ ላይ፣
ሙዝ ሻጯ ዩፌሚ፣ ቀና ብላ ሳታይ፣
ጃንጥላዋን ታጥፋለች፤ እስከ አመሻሽ ድረስ
ፀሐይ እዚያ ጥግ አትደርስ።

እሱ ግን ያነሳታል።
መቶ አርባ ሺህ ቶን ብረት፣ አምስት መዋኛ፣
ሁለት ሺህ አልጋ ከነእንቅልፈኛ፣
የመስታወት ሊፍት፣ ካዚኖ፣ ቲያትር ቤት፣
ብድግ! በአንዲት ጣት።
ወገቡን ሳያመው፣ አንዴ እንኳ ሳያቃስት፣
መርከብ በደረት ኪሱ ይዞ ይወርዳል ወደ ቤት።

እኔም አነሳለሁ፣ አቅሜ በፈቀደው፣
አሥራ አራት ሰው፣ ፀሐይ ያቀላው፣
ፍል ውሃ ሊያዩ፣ አሸዋ ላይ ሊንጋለሉ፣
"መርከቧ ጥላን ትሄድ ይሆን?" እያሉ።
እነሱም ያነሳሉ፤ ፍየል ቢሆን፣ ሙዝ ቢሆን፣
የማንን እንደሁ እንጃ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ካልሲን።
አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር፣ ስልኳን አቀብላ፣
"ከመርከቡ ሆኜ ነው ያነሳሁት፤ ይህቺ ብልጭታ ምንድን ናት?" ብላ
ጠየቀችኝ አንዴ።
ኮረብታ፤ ጫፉ ላይ ነጥብ፤ ከነጥቡ አንዲት ጨረር።
"ጓደኛዬ ነው" አልኳት፤ "አንቺን ሲያነሳ ነበር።"

ከዚያ ያቺ ዓመት።
በሽታ ባሕሩን እንደ በር ዘጋው።
የጎረቤት ዶሮ ሚኒባሴ ወንበር ሥር እንቁላል ጣለች።
ዩፌሚ ጃንጥላዋን ቀኑን ሙሉ ዘረጋች።
ፌሊሲየን ግን ወጣ፣ በሰዓቱ።
በደብተሩም ጻፈ፦
ሰኞ፣ የለም።
ማክሰኞ፣ የለም።
ረቡዕ፣ የለም፤ ዝናብ።
ሐሙስ፣ አንድ ጀልባ፤ እሱም የፖሊስ።
ዓርብ፣ የለም።
ከእያንዳንዱ "የለም" ጎን አንድ ፎቶ።

"ምኑን ነው የምታነሳው?" ጮህኩበት አንድ ቀን፣
የሚኒባሱ ዕዳ ወለድ ወልዶብኝ ስባዝን።
"ያልመጣችውን" አለኝ።

ልስቅ ስል አንዷን ሰጠኝ።
ከኮረብታው ወርዶ፣ ጠባቂ የሌለው ወደብ ገብቶ፣
እኔ ከምቆምባት ቦታ ላይ ቆሞ ያነሳት።
ጭር ያለ ውሃ። የገመድ ማሰሪያ ብረት። አንድ ወፍ።
ከውሃው ማዶ፣ መርከብ በሚገተርበት ሰማይ ውስጥ፣
ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሰማያዊ በር፣
ደረጃው ላይ አንዲት ሴት አተር ስትፈለፍል።
ባለቤቴ!
ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ቆሜያለሁ፤
መርከብ ከሌለ እዚያ ምን ሊያቆመኝ?
ቤቴ ከዚያ እንደሚታይ አላውቅም ነበር።

አሁን ተመልሰዋል፤ አንዳንዴም ጥንድ ጥንድ።
ጃንጥላው ታጥፏል። አምስት አምስት ዶላሬን እየከፈልኩ ነው።
ፎቶዋን ከመሪው በላይ ለጥፌያታለሁ፤
ተሳፋሪ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያታል፦
"መርከብ የለበትም'ኮ! ምኑን ነው ያነሳው?"
"ቆይ፣ ስንታጠፍ" እላለሁ፤
ማርሽ አስገባለሁ።