አንድ ለሁለት መቶ

ሙጫው አልደርቅ አለኝ።
የጠባሴ ውርጭ ገብቶ ከጠረጴዛው ጎን ተቀመጠ፤
ማታ ያጣበቅኩት ክንፍ፣ ሲነጋ ወልቆ አመለጠ።
ምድጃ ዳር አስጠጋኋት፤ ብልጭ ሲል ፈርቼ አራቅኳት፤
በፋብሪካችን ብርድ ልብስ፣ በቡናማው፣ ጠቀለልኳት።

ሦስተኛ ኅዳሬ ነው።
ቀን የሰው ሰዓት እፈታለሁ፣ ማታ መርከብ እገጥማለሁ፤
ቀፎዋን ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ ሞተሯን ከመርፌ ክዳን እሠራለሁ፤
የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ አንቴና ሆነላት፤
የአባቴ ሬዲዮ ሆዱን ከፍቶ አንጀቱን ሰጣት።

ያየናት አንድ ጊዜ ነው። ዋሸሁ፤ አሥራ አንዴ፣
በጋሽ ዘለለው ቪዲዮ ቤት፣ እኔና ይፍሩ ጓዴ።
ቋንቋው ለማንም አይገባ፤ ጋሽ ዘለለው ቆሞ ይተረጉማል፤
«ካፒቴኑ ርስቱን ተነጥቆ፣ ለይግባኝ ሰማይ ወጥቶ ነው» ይላል።
እኛም አመንን።
እስከ ዛሬ ኮከብ ሳይ፣ ችሎት የተቀመጠ ይመስለኛል።

ልኬቷን ከየት አመጣህ ይሉኛል። ከበሯ።
ሰው ሲገባባት አይተናል፤ ሰው ከታወቀ በር ይታወቃል፤
በር ከታወቀ ወገብ፤ እንዲህ እያለ ጭራ ድረስ ይዘልቃል።
አንድ ለሁለት መቶ! ሰው በዚህ ሚዛን ምን ያክላል?
ለካሁ፤ አካፈልኩ፤
ደጄ ላይ፣ ከአህያ ጭነት ከፈሰሰው፣
አንድ የገብስ ፍሬ አንስቼ ከበሩ ሥር አቆምኩ።
ልክ!
ካፒቴኑ ገብስ ሆነ።

አንድ እሑድ ይፍሩ መጣ፣ ከደብረ ሲና፣ በአይሱዙ፣
የጣርማ በር ጉም እንዳረጠበው፣ ከነጓዙ።
አየ፤ ዞረ፤ ቆጠረ፤
«መስኮቷ አራት ነው» ብሎ ተከራከረ።
ሦስት ነው አልኩት።
«አራት! አራተኛው ላይ ሴት ቆማለች፣ እጇን ታወዛውዛለች።»
ሴት የለችም። እዚያ ቦታ ካሴቱ ሁሌ ይንቀጠቀጣል፣
በረዶ የሚመስል ነገር ምስሉ ላይ ይዘንባል።
ማን ይፍረደን? ጋሽ ዘለለው የለ፤ ቤቱ ጫማ ይሸጥበታል።
ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ቀረኝ ጀርባዋ። ጀርባዋን ፊልሙ አላሳየንም፤
ሁሌ ወደ እኛ ትመጣለች እንጂ ስትሄድ አላየንም።
ከማውቀው ሠራሁላት፦
ያን ቀን ቆሜ እንደሸኘሁት፣
ሁለት ቀይ መብራት፣ አንዱ የደከመ፣
ዳገቱን ጉም ውስጥ ሲወጣ፣
እየራቀ፣ እየራቀ፣ እየጨለመ።

ትናንት ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሲተኛ፣
በሩን ዘጋሁ። መርፌ በኩራዝ አጋልኩ።
አራተኛውን መስኮት በሳሁ።
ገብስ አላቆምኩበትም፤
ሴትየዋን ያየ እሱ ነው፣
ፍሬዋን ራሱ መርጦ ያምጣ።