ከሻዩ ነው

ተንደር ቤይ፣ የካቲት፤ ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ፣
የስንዴው ጎተራ በበረዶ ተከድኖ፣
ስድስት ሆነን መጣን ከታውኖ ማእድ ቤት፣
ባለ አክሲዮኖች ነን፣ ባለ ሳንቲም ሀብት።

ኩባንያው ይላል፦ "ከፓራጓይ ቅጠል
ስኳርን ሦስት መቶ እጥፍ የሚበልጥ፣ የሚያስከነዳ ፈሳሽ እናወጣለን፤ ደም አያውክ፣ አያወፍር፣
ኋላም ምሬት አይከተል።"
ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ቢባልም፣
እነዚህ ቀፎውን ገና አልሰቀሉም።

ወይዘሮ ኮዋልቹክ፣ የፋርማሲ ሒሳብ ሠላሳ ዓመት የያዘች፣
መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ወረቀቱን ገለጠች፤
"የቱ ቤተ ሙከራ? ማን ቀመሰ? ማን ፈረመ?
ስንት ሄክታር ተዘራ? ስንቱስ ታረመ?"

ወጣቱ ዳርሲ ተቆጣ፦ "የፈራ ድሃ ነው!
ዛሬ አሥራ አንድ ሳንቲም፣ ነገ ዶላር ነው!"
እኔ ዝም። ስድስት መቶ ዶላሬ
እዚያው ቅጠል ላይ ነው፤ ምን አፍ አለኝ ዛሬ?

ታውኖ አልተከራከረም።
አርባ ሺህ ድርሻ አለው፤ ለምን እንደገዛው እናውቃለን፣ አንጠይቀውም።
ሄልቪን የነጠቀው ስኳር ነው፤
አስቀድሞ ጣቷን፣ ቀጥሎ ዓይኗን፣
ከዚያ በሄል የሚሸተውን የእሑድ ዳቦዋን።

ተነሣ። ከመሳቢያው ናሙናውን አወጣ፣
በየስኒያችን ቁንጥር ቁንጥር አድርጎ መጣ።
ቀመስን።
ጣፈጠ። እውነትም ጣፈጠ፤ ዳርሲ ጠረጴዛ መታ።
ከዚያ ቆይቶ፣ ከምላስ ሥር፣ እንደ ተረሳ ዕዳ
መጣ።

"ከሻዩ ነው" አለ ታውኖ፣ "ብዙ ፈላ።"
ወይዘሮ ኮዋልቹክ ወረቀቷን አጠፈች፤ አፏን አልከፈተችም።
እሱ ስኒውን እስከ አተላው ጨለጠ፣
ሌላም ቀዳ።