ማስመሪያዬ ያላየው

አሥራ ሰባት ዓመት፣ ጅማ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ቱሉ ዌኒን ሳውቀው፣ በወረቀት ሳውቅ፤
ከፍታው በቁጥር፣ ደኑ በአረንጓዴ፣
ወንዙ በሰማያዊ፣ እንደ ሥራ ልማዴ፤
ወሰኑ ግን በቀይ፣
በአንድ ክንድ ማስመሪያ፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ፣ ዓይኔ ሳያይ።

«ብሔራዊ ፓርክ ይሁን» የሚል ሐሳብ መጥቶ፣
በእጄ ነው ያለፈው፣ ማኅተም ተመትቶ።
አንድም ቀን ግን እግሬ ጭቃውን አልረገጠ፤
አንድም ቀን ጉልበቴ ዳገቱን አልቆረጠ።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ግድም፣
«ሄጄ ልየው» ስላት ሚስቴ አላመነችም፤
«በዚህ ጉልበት?» ብላ፣ ስቃ ስቃ ስታበቃ፣
የልጃችንን ቦት ጫማ አወጣችልኝ፣ የአምና ጭቃ
ሶሉ ላይ እንደደረቀ።

ሌሊት በአሥር ሰዓት አወይቱን ተሻግሬ፣
በሸቤ መኪና ላይ፣ ከረዳት ተከራክሬ፣
ከተለዋጭ ጎማ ጋር ኋላ ተቀብሬ
ጠዋት ላይ ደረስኩኝ።
ዘቢዳ አባ ዱራ
ከዋንዛው ሥር ቆማ፣ በእጇ ገጀራ።
መንገድ መሪ ናት፤ ከዚያ በፊት ግን የማር ሰው።
«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብዬ ብጠይቃት፣
«እንደ ትንፋሽህ ነው» አለች፤ ሳቅ አመለጣት።

መጀመሪያ ጫካ ቡና፣ ከጥላ የዋለ፣
ፍሬው በጤዛ ውስጥ እንደ ፍም ቦግ ያለ፤
ቀጥሎ ቀረሮ፣
አራት ሰው ቢያያዝ የማይከበው ግንድ፣ ሥሩ እንደ ግቢ አጥር ተወጥሮ።
ከዚያ በኋላ አልቅት።
(ካርታዬ ላይ ለአልቅት ምልክት የለኝም።)
ጉሬዛ ከላያችን ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ሲሻገር
ያደረው ዝናብ ሁሉ አናቴ ላይ ወረደ፤
ነጭ ካባውን አስተካክሎ፣ እንደ ዳኛ አየኝና
ፊቱን አዞረ።

ሰባት ጊዜ አረፍኩኝ። ሰባት ጊዜ ዘቢዳ
ጎንበስ ብላ ክሯን አሰረች፤
የተፈታ ክር ሳይኖር።

«ቁም» አለችኝ ድንገት። ዝግባ ነው። ቀና ስል
አምስት ቀፎ ተሰቅሏል፣ ከሰው አንገት የሚያስቀር ከፍታ።
በግንዱ ወገብ ላይ ቀይ ቀለም፣ ሰረዝ።
«የመንግሥት መስመር ናት» አለች።
«በዚህ በኩል ፓርክ፣ በዚያ በኩል እኛ።
ሁለቱ ቀፎ ከውስጥ፣ ሦስቱ ከውጭ ቀሩ፤
ለንቦቹ ማን ይንገራቸው? ደብዳቤ አያነቡ፣ ቢሮ አይጠሩ።
ምንጯም ያው ናት፤ ራሷ የፓርክ፣ እግሯ የኛ።
የሰመራት ሰው አይታወቅም፤ የከተማ ነው ይላሉ።
እጁ ግን፣ አየህ፣ ቀጥ ያለ ነው።»

እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ጫፉ ላይ ስንወጣ ጉም ብቻ ጠበቀን።
ለዚህ ነበር እንዴ ላብ ያጠመቀን?
ከዚህ ሆኜ ጅማን፣ የቢሮዬን መስኮት አያለሁ ብዬ ነበር፤
ነጭ ነው። ማንም ያልነካው ወረቀት።

ኋላ ነፋስ መጣ፣ ጉሙን በአንድ ጎን ገለጠ፣
ለስድስት ትንፋሽ ያህል ሸለቆው አፈጠጠ፤
ሸንተረሩ ተጣጥፎ፣ ደኑ ተቋጥሮ፣
ወንዙ ዕቃ እንደረሳ ሰው ደጋግሞ ዞሮ፤
አንድ ቀጥ ያለ ነገር በዓይኔ ፈለግሁ።
አጣሁ።
የእኔም መስመር ከዚያ አይታይም።

«እኔ ነኝ» አልኳት።
ነፋሱ የወሰደው መስሎኝ ልደግመው ስል፣
ዘቢዳ በገጀራዋ ቁጥቋጦ መታ አድርጋ
ዱላ ቆረጠችልኝ፣ ጎባጣ።
«ቁልቁለቱ ይብሳል፤ ያዝ» አለች። «ና፣ ከምንጯ እንጠጣ።
ከየትኛው ወገን እንደሚጠጣ
መቼም አንተ ታውቃለህ።»

ወረድን። ተንበርክኬ በእፍኜ ጨለፍኩ፤
ከየት በኩል እንደሆነ አላየሁም።
ጥርሴን አመመኝ፣ ቅዝቃዜው።