ከሰገባው ውጪ

ከስታዲየም ጀርባ፣ ከፎቁ ምድር ቤት፣
ከላብ ሽታ በቀር ቀን በማይገባበት፣
ሦስት የቻይና ሰይፍ እኔ ነኝ የማስተኛቸው።
ሁለቱ የልምምድ ናቸው፣
ሲወዛወዙ እንደ ቆርቆሮ የሚያጓሩ።
አንዱ ግን የእውነት ነው፣
መንገድ ሠሪው ሊዩ አገሩ ሲገባ
ላሠልጣኛችን ላጥናፉ የተወው፤
ቀይ ዘርፍ፣ የእንጨት ሰገባ፣
ሁለት አፍ እያለው ዝም የሚል።

ሊዩ ሰጥቶ ዝም አላለም፤ በሰባራ አማርኛ፦
«ጣት፣ አይሆንም። ላብ ጨው ነው፤ ጨው ብረት ይበላል።
ዝናብ ሲመጣ ሰገባ ውሃ ይጠጣል፤
አውጣ፣ በጨርቅ ጠቅልል፣ በጎኑ አስተኛ።
ካቆምከው ዘይቱ ወርዶ ጫፉ ላይ ይቀራል።
ደግሞ በላዩ አታውራ። ምራቅም ዝናብ ነው።»

አጥናፉን በወሬ ማን ችሎት!
ሳምንቱን ሙሉ ሲጮህብን የሚውል ሰው
እሑድ ጠዋት ሰይፉን ሲወለውል
ከንፈሩን ነክሶ ነው።

በዘይቱ ተከራከርን።
ዘበኛው ጋሽ ደርሶልኝ «ኑግ ቀቡት» አለ፤
ቀባነው፤ በሳምንቱ ሙጫ ሆኖ አቧራ ለቀመ።
ኋላ ፒያሳ ካለው የስፌት መኪና ጠጋኝ
ውሃ የመሰለ ዘይት በብልቃጥ ገዛሁ፤
ለእንጨቱ ከመርካቶ ሰም።
(ሰም ብቻ ነው። ወርቅ አትፈልጉበት።)

አጥናፉ በግንቦት ሞተ።
እኛ ለቅሶ ስንል ሐምሌ ገባ፣
ሰይፉን ማንም አላወጣው ከሰገባ።
መስከረም ላይ ሳብኩት፤ እምቢ አለ፤
እንጨቱ አብጦ ነክሶታል።
በጉልበቴ ይዤ፣ እያባበልኩ፣ ስንዝር በስንዝር
መጣ።

ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ ብረቱ ላይ፣
ቡናማ ክብ፤ መስመር በመስመር፣
እንደ ጉቶ ቀለበት።
አውራ ጣት።
መሃሉን አግድም ጠባሳ ሰንጥቆታል፦
በር የቀጠቀጠው የአጥናፉ ጣት።
ያ ሁሉ ሕግ፣ ያ ሁሉ ቁጣ፣
እሱም አንድ ቀን፣ ማንም ሳያየው፣
ነክቶታል።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ በደቃቅ አመድ፣
በስለቱ አቅጣጫ አሽተህ አጥፋ።
አመዱን ነፋሁ። ጨርቁን ጠቀለልኩ።
ባቡሩ ከላይ ሲያልፍ ጣሪያው ነዘረ፤
ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል ውጪ።
ጨርቁን አስቀመጥኩ።

አሁን በየእሑዱ ዙሪያውን ዘይት አጠጣዋለሁ፣
እንዳይሰፋ።
እንዳይጠፋም።

አዲሷ ልጅ ትርሲት ትከሻዬ ላይ አጎንብሳ
«ዝገት አለው እኮ» ትላለች።
በላዩ አይወራም።
ጨርቁን እሰጣታለሁ።