በሩን ዝጊ

በዱሉት፣ በጥር ወር፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣
ኮረብታውን ዘላ ትሸሻለች ፀሐይ።
እኔና ሎርና ግን ከአርቪድ ቪዲዮ ቤት
የካሊፎርኒያዋን፣ በሁለት ዶላር፣ ለአንድ ሌሊት
ተከራይተን፣ በካፖርታችን ሥር ይዘናት ሮጥን፣
በረዶው ሳይነካት፣ ሳትበርድብን።

ፊልሙ ሁሌም ያው ነው።
አንዲት ልጅ አለች፣ ማንም ዞሮ የማያያት፣
መነጽሯን ስታወልቅ ውበት የሚወርድላት።
(እኔም ሰኞ ጠዋት፣ መነጽሬን አውልቄ፣
ከጂምናዚየሙ በር ተላተምኩ፣ ወድቄ።)
አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው ይሉናል ጎረምሳው፣
ጢሙ ከአባቴ ጢም ቀድሞ የሚነሣው፤
አምነን ተቀበልን። ማን ይጠይቃል?
ጊታሩ ሲነሣ ጥያቄው ይወድቃል።

ያ ጊታር! እንደ አሮጌ መኪና በብርድ ሲነሣ፣
መጀመሪያ የሚያስል፣ ኋላ የሚያገሣ።
ዘፋኙ ያጉተመትማል፤ ቃሉ አይገባንም፤
ያልገባን ነገር ግን እንደዚያ ገብቶን አያውቅም።
የአባቴን የአደን ሸሚዝ እስከ ጉልበቴ ለበስኩ፤
ማንም ሳይበድለኝ በዓለም ላይ አኮረፍኩ።

የፊልሙ ሙዚቃ ካሴት ውድ ነበር። የእናቴ ደመወዝ፣
ከሆስፒታል አንሶላ፣ ከእጥበት የሚመዘዝ፣
ለዘፈን አይተርፍም።
ሎርና ዘየደች፦
መቅረጫውን ከቴሌቪዥኑ ሆድ አስጠግተን፣
ትንፋሽ ውጠን፣ ሶፋው እንዳይጮህ ፈርተን፣
የመጨረሻውን ዳንስ ቀዳን።

አንዲት ቦታ አለች፣ ጊታሩ ፀጥ የሚልባት፣
ከበሮው ሳይወድቅ፣ ዓለም ትንፋሹን የሚይዝባት።
እዚያች ላይ፣ ልክ እዚያች ላይ፣ ከኩሽና በኩል፦
«ማርኒ! በሩን ዝጊ፤ ብርድ ይገባል!»

አበድኩ። ሦስት ቀን እራት አልበላም አልኩ።
ፊልሙን ግን መልሰናል፤ ካሴቱም ያው አንድ ነው፤
ያን ዓመት ያን ዘፈን ከነእናቴ ሰማነው።

አርቪድ ሱቁን ዘጋ። አሁን እዚያ ጥርስ ይነቀላል።
ሎርና ፊኒክስ ናት፤ ፀሐይዋን መከራየት ትታ፣
ቤት ሠራች አሉ፣ ለሁልጊዜው ገዝታ።
ካሴቱን የፖንቲያኬ ቴፕ አንጀቱን ዘርግፎ በላው።
እናቴም፣
መጋቢት ላይ ሁለት ዓመቷ።

ትናንት ሱፐርማርኬት፣ የቀዘቀዘ አተር ሳነሣ፣
ያ ዘፈን ከጣሪያው መጣ፤ ታጥቦ፣ ዝገቱ ረግፎ፣
ለገበያተኛ እንዲስማማ፣ ከብሮኮሊ ዋጋ ጋር ተቃቅፎ።
መነጽሬ ጉም ለበሰ። ቆምኩ፣ አተሬን እንደታቀፍኩ።
ጊታሩ ፀጥ አለ።
ጠበቅኩ።
ከበሮው ወደቀ፤ ማንም አልተቆጣ፤
ከዘፈኑ መሐል አንድ ሰው ወጣ።

ወዲያ ማዶ በሩ ተከፍቶ የሐይቁ ንፋስ ገባ፤
ማንንም ዝጊ ሳይል፣ በሩ ራሱን ዘጋ።