«እንግዳ» የሚል ካርድ

ጦሳ ጭጋጉን ሳያወልቅ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣
ሐረጎን ቁልቁል ወረድኩ፣ ጆሮዬ ተደፍኖ፣ ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ።
ኮምቦልቻ ከነሙቀቷ፣ ከነአቧራዋ ተቀበለችኝ፤
የጋሽ ይማም ዱላ ግን ኮሌጁ በር ላይ አስቆመችኝ።

አራት ዓመት ሙሉ «ዛሬም አረፈድሽ!» ያለኝ ሰው፣
አንድ የሐምሌ ማታ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ጃንጥላውን ያዋሰኝ ሰው፣
«መታወቂያ» አለኝ። ሰጠሁት። ፊትና ጀርባውን አየው፤
ከሌሎቹ ጋር ምስማር ላይ ሰቀለው፤
«እንግዳ» የሚል ካርድ አንስቶ አንገቴ ላይ አንጠለጠለው።

እንግዳ!
የብሎክ ሦስት ቧንቧ ውሃ ሊመጣ ሲል
ሌሊት በስንት ሰዓት እንደሚያስነጥስ የማውቅ፣
የቤተ መጻሕፍቱን አንካሳ ወንበር
በጉልበቴ ደግፌ ሴሚስተር የጨረስኩ፣
እኔ።

ሬጅስትራር ወረቀት ሰጡኝ፣ የምናገረው ተጽፎበት፤
«ኮሌጃችን» ብሎ ይጀምራል፤ «ብሩህ» የሚል ሦስት ቦታ አለበት።
ልጆቹ ባንዲራው ሥር ቆመዋል፣ ሃያ ሦስት ናቸው በቆጠራ፤
ከሐይቅ፣ ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ሁሉም አፍረው በየተራ።
አንዷ በሌሊት ተነሥታ፣ ከወገልጤና ተጭና፣
ይመኙሻል ትባላለች፤ ጫማዋ የእህቷ ነውና
ስትራመድ ተረከዟ ወጣ ገባ ይላል።

«ይህ ላብራቶሪ ነው። ይህ የስፌት ክፍል።»
አንዱ አዳራሽ ግን ባዶ ነው። ማሽኖቹ የነበሩበት
ሲሚንቶው ላይ የዘይት ጥላ ብቻ ቀርቷል።
ወረቀቱ «በመደራጀት ላይ» ይላል። እኔም እንደዚያው አልኩ።
ልጆቹ ዝም አሉ።
ከዚህ አገር ልጅ ምን ይደበቃል?

«ሥራስ አለ?» አለ ሙሐዲን፣ የባቲው፣ ዓይኑን ሳይሰብር።
ወረቀቱን አጠፍኩት።
«ዓመት ከመንፈቅ ደሴ ቤት ቁጭ ብያለሁ» አልኩት፣ «ፒያሳ ቦርድ ሥር ስገተር፣
ጎረቤት ‹እስካሁን?› ሲለኝ።
አሁን ፋብሪካ ነኝ፣ የሌሊት ፈረቃ፤
ጨርቅ በመብራት ላይ ሲያልፍ ጉድለቱን በጣቴ የምፈልግ።
ደመወዙ ለኪራይና ለእናቴ መድኃኒት ይደርሳል፤
ከዚያ ወዲያ ሲስቡት እንደ ክር ይሳሳል።»
ሳቀ። ደብተሩ ላይ ግን ጻፈው።

ይመኙሻል እጅጌዬን ሳበች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
«እህት ዓለም፣ እዚህ ሰው ማልቀስ ሲያምረው
የት ይሄዳል?»

ይህ ወረቀቱ ላይ የለም።

ሌሎቹን ለካፌው ትቼ ወደ ሽመናው ክፍል ወሰድኳት፤
ከጥጉ ያለውን፣ ቀለሙ የረገፈውን አሮጌ ማሽን አሳየኋት።
«አንደኛ ዓመት» አልኳት፣ «ካልኩለስ ኤፍ ያገኘሁ ዕለት
እዚህ ጋ፣ ከጀርባው ቆሜ ነበር።
ሲጮህ የራስሽን ድምፅ እንኳ አትሰሚም።
ቴክኒሻኑ ጋሽ ገታሁን አየኝ።
አልመጣም። አልጠየቀኝም።
ፍጥነቱን ጨመረልኝ።»

ማብሪያውን ተጫንኩ።
ብረቱ ሳለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወለሉ ከእግራችን ሥር ራደ፤
መወርወሪያው ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፣ እንደገና ሄደ።
መዳፏን ጎኑ ላይ አሳረፈች።
ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች።
ምን እንዳለች አልሰማሁም።
ለዚህ እኮ ነው ያመጣኋት።

ማታ ሐረጎን ሽቅብ ስንወጣ፣ ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል፣
ኪሴን ብዳብስ «እንግዳ» የሚለው ካርድ ከጣቴ ጋር ሲታገል፤
መታወቂያዬ ከምስማሩ ላይ ቀርቷል።

ስልኬ ጮኸ። መዝገቡ ላይ ቁጥሬን ጽፌ ኖሯል።
«የኔ ልጅ» አለ ጋሽ ይማም፣ ነፋሱ ድምፁን እየቆረጠ፣
«መታወቂያሽ እዚህ ነው፤ አይዞሽ፣ የትም አልሰመጠ።
ስትመጪ ግን…» አለና ሳል አቋረጠው፤
«ያን ጃንጥላዬን ይዘሽው ነይ፣ ክረምቱ እየገባ ነው።»