ቡናማ ያለቀ ቀን

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ስቀባ፣
ለጸጉር ቤት ጎፈሬ፣ ለጥርስ ቤት ፈገግታ፣
ለፎቶ ቤት ሙሽሪት ከነአበባዋ፣ ከነሎቲዋ፣
የራሴን አንድም ቀን አልሞከርኩትም።
ማን ሊከፍለኝ?

አሁን ግን ሥራ የለም። ፒያሳ ላይ ማሽን ገብቷል፤
ሙሽሪትን ከነሎቲዋ ባንድ ትንፋሽ ይተፋል፤
የኔ ቀለም ሳይደርቅ የሱ ባነር ይሰቀላል።

እናም ሐሙስ ከሰዓት፣
ጉም ከጦሳ ወርዶ የሆጤን መብራት አንድ በአንድ ሲውጥ፣
የእብሬን ጸጉር ቤት አሮጌ ታፔላ
ከነምስማሩ ነቅዬ፣
ጀርባውን ወደኔ አዙሬ አቆምኩት።
መስታወቴ የአይሱዙ ስፖኪዮ ነው፣
ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ከተገለበጠች መኪና የተረፈ፤
መሃሉ ተሰንጥቆ
አንድ ዓይኔን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ ያደርጋል።
አላቃናሁትም። ያሳየኝን ልሳል።

የቡናማውን ጣሳ በካቻቢቴ ስፈለቅቀው
ደርቋል።
እንደ በጋ ኩሬ ተሰነጣጥቋል።
የደሴን ሰው ቆዳ ሲያለብስ ኖሮ፣ ሲያለብስ ኖሮ፣
እኔ ጋ ሲደርስ አልቋል።
ብቻዬን ሳቅሁ። ምን ላድርግ?
የቀረኝ ሁለት ጣሳ ነው፦
የባጃጅ ሰማያዊ፣
ከጋራዥ በር የተረፈ ብርቱካን።
«አብሽር» አልኩት እጄን።

መጀመሪያ ስቱኮ። በመላጊያ ዛቅሁ፣ ግንባሬን ደረደርኩ፤
የቦርከና አሸዋ ነፍቼ ጉንጬ ላይ በተንኩ፤
ከሙሄ እንጨት ቤት ሰጋቱራ ለምኜ
ጢሜን አበቀልኩ።
ፊቴ ሜዳ አይደለም፤
ዝናብ የሄደበት ነው፣ ቦይ አለው፣ ገደል አለው፤
ለስላሳ አርጌ ብቀባው
የእብሬን ደንበኛ ይመስላል እንጂ እኔን አይሆንም።

ወደ ጦሳ ያለው ጉንጬ ሰማያዊ፣
ወደ አምፖሉ ያለው ብርቱካን።
አፍንጫዬ ላይ ሲገናኙ ተፋጠጡ፤
አንዱ ሌላውን አስጮኸው፤
ዓይኔ እስኪያለቅስ ድረስ ተንቀጠቀጡ።
ባዋህዳቸው ቡናማ እንደሚወጣ አውቃለሁ፣
ይሄን የማያውቅ ቀለም ቀቢ አለ?
ብሩሹም ወደዚያው አዘነበለ።
ከለከልኩት።
ሠላሳ ዓመት ሳዋህድ ኖሬያለሁ።

ከቅንድቤ እስከ ጆሮዬ ያለችውን ጠባሳ
በመላጊያው ጠርዝ፣ ባንድ ሰረዝ ሄድኩባት፤
ሁለተኛ አልነካኋትም።
ትከሻዬ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።
ይማም፣ ረዳቱ፣ ያን ሌሊት
እዚህ ጋ ነበር ራሱን ጥሎ የተኛው፣
«ኮምቦልቻ ስንደርስ ቀስቅሰኝ» ብሎ።
ቦታውን አልቀባሁትም።
ቆርቆሮው ራቁቱን፣ ዝገቱ እንደበላው ቀረ።
ሦስተኛው ቀለም እሱ ነው።

ሐያት ከትምህርት ቤት ገባች፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች፤
«አባ፣ በዚህ በኩል በርዶሃል፣ በዚህ በኩል ተቆጥተሃል» አለች።
ቀረብ ብላ ጢሜን በጣቷ ዳሰሰች፦
«ስትስመኝም እንዲሁ ነው የሚወጋኝ።»
ጣቷ ብርቱካን ሆነ፤ አሻራዋ አገጬ ላይ ቀረ፤
አላጠፋሁትም።

ማታ አንድ መንገደኛ በሩ ላይ ቆም አለ፦
«ይሄ የምን ማስታወቂያ ነው? ስልክ ቁጥሩስ የታለ?»
መልስ ፈለግሁ፣ አጣሁ።

በጉም የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም።
ሰው እንዳይነካብኝ
ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኩት፤
ለመንገዱ የወጣለት የታፔላው ጽሑፍ ነው፣
ግማሹ የተላጠ፣ ድሮ በገዛ እጄ የጻፍኩት፦
«እንኳን ደህና መጡ። ወረፋ የለም።»